ራዲያተሩ ጉና ሥር ለምን ይፈላል? ስለ ሞተር ውኃና ስለ ዘይት ሙቀት

የዚህ እትም የትምህርት ገጽ ስለ ሞተር ሙቀት ነው። «ይህ የአውቶሞቲቭ ተማሪዎች ጉዳይ ነው» ብላችሁ ገጹን ለመግለጥ የቸኮላችሁ ካላችሁ ትንሽ ታገሡን። ለዒድ ወደ ቤተሰብ ስንጓዝ ሚኒባሱ ዳገት ላይ ሲቆም፣ ከፊቱ እንፋሎት ሲወጣ፣ ረዳቱም ለውዱእ የያዝነውን ውኃ ሳይቀር ለራዲያተሩ ሲለምነን ያላየን ጥቂቶች ነን። ያን ጊዜ ኮፈኑ ሥር ምን እየሆነ እንደሆነ ማወቅ ጉዞውን ብቻ ሳይሆን የሰውን ፊትና ዓይንም ያድናል። እንዴት እንደሆነ ወደ ታች እንደርስበታለን።

ከወረታ እንነሳ። ወረታ ከጣና ዳር ሜዳ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዓለም በርን አልፈን ደብረ ታቦር ስንደርስ ከፍታው 2,700 ሜትር ገደማ ይሆናል። በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ 900 ሜትር ወጣን ማለት ነው። ከደብረ ታቦር በጋሳይና በክምር ድንጋይ አድርጎ ወደ ነፋስ መውጫ የሚሄደው መንገድ ደግሞ የጉናን ትከሻ ታክኮ 3,000 ሜትርን ያልፋል። ይህ በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት የወረታ ወልድያ መስመር ነው። ከመኪና በፊት በዚህ ደጋ ላይ ከባድ ነገር ማጓጓዝ ምን ይመስል እንደነበር ማወቅ የሚሻ፣ ጋፋት ላይ ተሠርቶ ወደ መቅደላ የተጎተተውን የዐፄ ቴዎድሮስን ሴባስቶፖል መድፍ ያስብ፤ 7 ቶን ገደማ ብረት በሰው ጉልበት። የዛሬው የጭነት አይሱዙም ሸክሙ ቀላል አይደለም፤ ልዩነቱ ላቡ በራዲያተር ውስጥ መሆኑ ነው።

የስፖርት መኪና ወዳጆች ይህን ዓይነት ዳገት በሌላ ስም ያውቁታል። በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ፓይክስ ፒክ በሚባል ተራራ ላይ ከ1916 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ የመኪና ዳገት ውድድር ይካሄዳል። መነሻው 2,862 ሜትር፣ መድረሻው 4,302 ሜትር ላይ ነው፤ በ20 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ 156 መታጠፊያ አለው። የእኛ ከተማ ከዚያ መነሻ ብዙም ዝቅ አትልም። ፎርሙላ ዋን በዓመቱ መርሃ ግብሩ ከሁሉ ከፍ ያለ ቦታ የሚወዳደረው ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ነው፤ እሱም ቢሆን 2,200 ሜትር ከፍ ቢል ነው። ለዚያ ውድድር ቡድኖቹ የመኪናውን አካል በሰፊው ከፍተው ተጨማሪ አየር ለማስገባት ይገደዳሉ፣ መሐንዲሶቻቸውም ዓይናቸውን ከሙቀት ንባቡ አይነቅሉም። የእኛ ሾፌር ግን ከዚያ በ500 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ቦታ፣ ተሳፋሪና ኩንታል ጭኖ፣ አንዲት መርፌ ብቻ እያየ በየቀኑ ይመላለሳል።

አሁን ወደ ሞተሩ እንግባ። ነዳጅ ሲቃጠል ከሚወጣው ኃይል በግምት ሲሶው ብቻ ጎማውን ያዞራል። ሌላው ሲሶ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ቀሪው በብረቱ ውስጥ ስለሚቀር ውኃና ዘይት ተሸክመው ካላወጡት ብረቱ ይቀልጣል። ውኃው በሲሊንደሮቹና በቴስታታው ዙሪያ እየዞረ ሙቀት ይቀበላል፣ ራዲያተሩ ውስጥ ገብቶ ለአየር ያስረክባል፣ ተመልሶ ይመጣል። በመካከሉ ቴርሞስታት የሚባል ትንሽ በር አለ። ብዙ ጊዜ 82 ወይም 88 የሚል ቁጥር ተጽፎበታል፤ ውኃው እዚያ ዲግሪ ላይ ሳይደርስ ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ ይዘጋል። ስለዚህ ጤነኛ ሞተር ከሞቀ በኋላ ውኃው 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ይህን 90 አስታውሱት።

ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን የተማርነው ለባሕር ዳርቻ ሰው ነው። ከፍ ባልን ቁጥር በላያችን ያለው አየር ይሳሳል፣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ውኃም በቀላሉ ይፈላል። በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። ወረታ ላይ 94፣ ደብረ ታቦር ላይ 91፣ 3,000 ሜትር ላይ 90፣ ከ4,100 ሜትር በላይ በሚደርሰው የጉና አናት ላይ ደግሞ 86 ገደማ ይሆናል። እናቶቻችን ይህን ያለ ቴርሞሜትር ያውቁታል። ደጋ ላይ ባቄላ ንፍሮ ከቆላው ይልቅ እሳት የሚፈጀው፣ ውኃው ቢንተከተክም ከ91 ዲግሪ በላይ ስለማይሞቅ ነው። ማገዶ መጨመር እንፋሎት ያበዛል እንጂ ባቄላውን አያፈጥነውም። መፍትሔውም ያው የምናውቀው ነው፤ ክዳኑን ግጥም አድርጎ በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ድስት።

ራዲያተርም እንደዚያ ድስት ነው። ክዳኑ ተራ መክደኛ አይደለም፤ ምንጭ ብረትና ጎማ ያለው የግፊት መቆጣጠሪያ ነው። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ፣ ግፊቱን በባር ወይም ለእሱ በቀረበ መለኪያ የሚናገር ነው። 0.9 የሚለውን እንውሰድ። ክዳኑ ውስጡን ከውጭው አየር በ0.9 ባር አስበልጦ ይይዛል ማለት ነው። ደብረ ታቦር ላይ የውጭው አየር ግፊት 0.73 ባር ገደማ ስለሆነ ውስጡ 1.63 ባር ይሆናል፤ በዚህ ግፊት ንጹሕ ውኃ የሚፈላው 114 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ሞተሩ 90 ላይ ይሠራል፣ ውኃው 114 ላይ ይፈላል፤ በመካከል የ24 ዲግሪ መተንፈሻ አለ። ጂቡቲ ወደብ ላይ ያው ክዳን 119 ገደማ ያደርስ ነበር። ከፍታው 5 ዲግሪ ወሰደብን፣ ግን አሁንም ምቹ ነን።

የክዳኑ ጎማ ካረጀና ግፊት መያዝ ካቃተውስ? ደብረ ታቦር ላይ መተንፈሻው ከ24 ዲግሪ ወደ 1 ዲግሪ ይወርዳል። ነፋስ መውጫ ላይ ደግሞ ጭራሽ ከዜሮ በታች ይሆናል፤ ውኃው በጤነኛው የሥራ ሙቀት ላይ ሳለ ይፈላል። ሞተሩ አልታመመም፣ ፓምፑ አልተበላሸም፣ ራዲያተሩ አልተደፈነም። ቴስታታ ካስወረዱ በፊት ክዳኑን ማየት ያለባቸው ስንት ሾፌሮች እንደሆኑ ስናስብ ያንገበግበናል። መፍላት ደግሞ ውኃ ማጣት ብቻ አይደለም። ቴስታታው ውስጥ፣ እሳቱ አጠገብ፣ የእንፋሎት አረፋ ከተፈጠረ ብረቱ ውኃ አይነካውም። እንፋሎት ከውኃ ይልቅ ሙቀት የመቀበል አቅሙ እጅግ ደካማ ስለሆነ ያ ቦታ በድንገት ይግላል፣ የአሉሚኒየም ቴስታታ ይጣመማል፣ ጋስኬቱ ይቃጠላል። የአንድ ባለሚኒባስ ቤተሰብ መተዳደሪያ እዚያ ላይ ይቆማል።

አንቲፍሪዝ ወይም ኩላንት የሚባለው ፈሳሽ እዚህ ላይ ይረዳል። ስሙ በረዶ መከላከያ ስለሆነ «እኛ አገር በረዶ የለም» ተብሎ ይናቃል። ከውኃ ጋር እኩል ሲደባለቅ ግን የመፍያውን ነጥብ በ7 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርጋል፣ ዝገትም ይከለክላል። ከጉማራ ወይም ከርብ የተቀዳ ወራጅ ውኃ ደለልና ማዕድን ይዞ ይገባል፤ ውኃው ሲሞቅ ያ ሁሉ በቀጭኖቹ የራዲያተር ቱቦዎች ውስጥ ይጋገራል። በችግር ጊዜ ከወንዝ መቅዳት ግዴታ ሊሆን ይችላል፤ ልማድ ሲሆን ነው ጥፋቱ።

ወደ ፊትና ዓይን ጉዳይ መጣን። ሞተሩ ሞቆ ሲቆም የብዙ ረዳቶች የመጀመሪያ ሥራ ክዳኑን በጨርቅ ይዞ መክፈት ነው። እስቲ እናስላው። 8 ሊትር ውኃ በ110 ዲግሪ በግፊት ታፍኖ ተቀምጧል እንበል። ደብረ ታቦር ላይ ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ በቅጽበት ወደ 0.73 ባር ይወርዳል፣ ውኃውም ከ91 ዲግሪ በላይ መቆየት አይችልም። የተረፈው የ19 ዲግሪ ሙቀት የግድ የውኃውን ከፊል ወደ እንፋሎት ይለውጣል። እያንዳንዱን ኪሎ ውኃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4.2 ኪሎ ጁል፣ አንዱን ኪሎ ለማትነን ደግሞ 2,280 ኪሎ ጁል ገደማ ስለሚያስፈልግ፣ ከመቶ 3.5 ያህሉ ይተናል። ይህም 280 ግራም ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህ ግፊት አንድ ኪሎ እንፋሎት 2,280 ሊትር ገደማ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ከ600 ሊትር በላይ እንፋሎት፣ ማለትም ሦስት በርሜል፣ የቀረውን የፈላ ውኃ እየገፋ በአንዲት ቀዳዳ ይወጣል። ያው ራዲያተር በዚያው 110 ዲግሪ ጂቡቲ ላይ ቢከፈት የሚወጣው እንፋሎት 250 ሊትር ገደማ ነው። ደጋ ላይ ሙቅ ክዳን መክፈት ከቆላው ከእጥፍ በላይ እንፋሎት ያስወጣል። ጨርቅ እጅን ቢከላከል ፊትን አይከላከልም። ሞተሩ ይጥፋ፣ ላይኛው የራዲያተር ጎማ በእጅ ሲነካ የማያቃጥልና ሲጨመቅ የሚለሰልስ እስኪሆን ይጠበቅ። ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ተሳፋሪ ሆነን «ቶሎ በሉ» የምንል እኛም የምንቸኩልበትን ነገር እንወቅ። ውኃ ሲጨመርም በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛውን በአንዴ መገልበጥ ቴስታታ ይሰነጥቃል፤ ጥቂት በጥቂት ነው።

ብዙ ሰው «ደጋ ላይ መኪና የሚሞቀው አየሩ ቀጭን ስለሆነ ነው» ይላል። ግማሽ እውነት ነው። በእርግጥ ደብረ ታቦር ላይ የአየሩ ክብደት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይጎድለዋል፣ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘውም ያ አየር ነው። ነገር ግን አየሩ ቀዝቃዛም ነው። 90 ዲግሪ ውኃ ባለ 35 ዲግሪ የቆላ አየር ሲነፍስበት ልዩነቱ 55 ነው፤ በእኛ 18 ዲግሪ ግን 72 ነው። ልዩነቱ በሦስት እጅ ወደ አራት እጅ ያህል ስላደገ የአየሩን መሳሳት ከሞላ ጎደል ይከፍለዋል። ስለዚህ ጥፋተኛው ቀጭኑ አየር ብቻ አይደለም። የመፍያው ነጥብ ዝቅ ማለት፣ የጭነት ብዛት፣ በሁለተኛ ማርሽ እያጓሩ በዝግታ መውጣት (ያን ጊዜ ከፊት የሚነፍስ ንፋስ የለም፤ ሁሉ ነገር በፋኑና በቺንጊያው ላይ ይወድቃል) ተደምረው ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር ደግሞ ቀጭኑን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉልበቱ ብዙም አይቀንስም፤ ሙቀቱም እንዲሁ። ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር በከፍታ ጉልበት ያጣል፣ ያንኑ ያህል የሚያወጣው ሙቀትም ይቀንሳል። ድካሙ ይጠብቀዋል ማለት ይቻላል።

እስካሁን ስለ ውኃ ብቻ አወራን። የስፖርት መኪና ሰዎች ግን ከውኃው ይልቅ ዘይቱን ይፈራሉ፣ ልክም ናቸው። ፖርሽ 911 የሚባለው ታዋቂ መኪና ከተፈጠረበት ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. እስከ 1998 ድረስ ራዲያተር ውስጥ የሚዞር ውኃ አልነበረውም፤ በአየርና በዘይት ይቀዘቅዝ ነበር፣ ሾፌሩም የሚያየው የዘይት ሙቀት መለኪያ ነበር። ቡጋቲ ቬይሮን ደግሞ 1,001 የፈረስ ጉልበቱን ለማቀዝቀዝ 10 ራዲያተሮች ተሸክሟል። ከሁሉ የሚገርመን ግን የቢኤምደብሊው ኤም3 አሠራር ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. በወጣው ትውልዱ የሞተር ዙር መለኪያ ዳር ላይ የማስጠንቀቂያ መብራቶች አሉ፤ ዘይቱ ቀዝቃዛ ሳለ ብዙዎቹ በርተው «ከዚህ ዙር በላይ አትሂድ» ይላሉ፣ ዘይቱ እየሞቀ ሲሄድ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። በሌላ አነጋገር መኪናው ራሱ ሾፌሩን ትዕግሥት ያስተምረዋል።

ለምን? ዘይት እንደ ሙቀቱ ይወፍራልና ይቀጥናል። እኛ አገር በናፍጣ መኪኖች የተለመደው 15ደብሊው-40 ዘይት በ40 ዲግሪ ያለው ውፍረት በ100 ዲግሪ ካለው ሰባት እጥፍ ገደማ ነው። በኅዳር ማለዳ፣ ውርጭ በሣሩ ላይ ሳለ፣ ውፍረቱ በአስር እጥፎች ይቆጠራል። እንዲህ የወፈረ ዘይት ወደ ላይኛው የሞተር ክፍል በቶሎ አይደርስም። ውኃው ቶሎ ስለሚሞቅ መርፌዋ መካከል ላይ ስትደርስ ሾፌሩ «ሞቀ» ብሎ ነዳጅ ይረግጣል፤ ዘይቱ ግን ለመሞቅ እጥፍ ያህል ጊዜ ይፈልጋል። ቆሞ ለረጅም ጊዜ ማጓራት መፍትሔ አይደለም፤ አንድ ሁለት ደቂቃ አስነስቶ፣ ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች በዝግታ መንዳት ይሻላል። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ለሚወርድ ይህ ቀላል ነው። ወደ ጋሳይ ለሚወጣ ግን ዳገቱ ቶሎ ስለሚጀምር ትዕግሥቱ ከበድ ይላል።

በተቃራኒው ጫፍ ደግሞ መሞቅ አለ። የዘይት ጥሩ የሥራ ሙቀት ከ90 እስከ 110 ዲግሪ ነው። ውኃውን ቴርሞስታት ይጠብቀዋል፣ ዘይቱን ግን በብዙ ቀላል መኪኖች ማንም አይጠብቀውም። ረጅም ዳገት ላይ የውኃው መርፌ መካከል ላይ ተረጋግታ ሳለ ዘይቱ 120 እና 130 ሊደርስ ይችላል። ዘይት ከአየር ጋር ተዋሕዶ የሚበላሽበት ፍጥነት በየ10 ዲግሪው እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ዘይቱ የሚቀየርበት ኪሎ ሜትር ሜዳ ላይ ለሚነዳና ጉና ሥር ለሚመላለስ አንድ ሊሆን አይገባም፤ የደጋው ሰው ቀደም ብሎ ይቀይር። በአየር የሚቀዘቅዙት ባጃጆች ራዲያተር የላቸውም፤ እነሱ ላይ ዘይት ማሳነስ በቀጥታ ሞተሩን መግደል ነው።

ስለ ቱርቦም አንድ ነገር እንጨምር። የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሊዞር ይችላል፣ የሚንሳፈፈውም በዘይት ላይ ነው። ዳገት ጨርሶ መናኸሪያ የገባ ሾፌር ሞተሩን ወዲያው ቢያጠፋ የዘይት ፍሰቱ ይቆማል፣ የጋለው ቱርቦ ውስጥ የቀረው ዘይት ተጋግሮ ከሰል ይሆናል። አንድ ሁለት ደቂቃ በዝግታ አሠርቶ ማጥፋት በቂ ነው። ውኃው ፈልቶ ከወጣ ግን ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ፤ ያን ጊዜ ቱርቦውን ማሰብ የለም።

በየጋራዡ የምንሰማው «ቴርሞስታቱን አውጣው፣ ከዚያ አይሞቅም» የሚለው ምክር ላይ አንስማማም። ለደጋ መኪና ይህ ከሁሉ የከፋ ነው። ብርድ ላይና ቁልቁለት ላይ ሞተሩ በቂ ሙቀት አያገኝም፤ ያልተቃጠለ ነዳጅና ጤዛ ወደ ዘይቱ ይወርዳሉ፣ ከዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ዝቃጭ ይታያል። በአንዳንድ ሞተሮች ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ወደ ራዲያተር የማይሄደውን አቋራጭ መንገድ የመዝጋት ሥራም አለው። እሱ ሲወጣ የውኃው ከፊል ሳይቀዘቅዝ ይመላለሳል፣ መኪናውም ዳገት ላይ ከበፊቱ ይብሳል።

መርፌዋን ማመንም መጠን አለው። ብዙ ዘመናዊ መኪኖች ላይ መርፌዋ ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ባለው ሁሉ መካከል ላይ እንድትቆም ተደርጋ ነው የተሠራችው፤ መንቀሳቀስ ስትጀምር ጊዜው አልፏል። ዳገት ላይ ወጥታ የነበረች መርፌ በድንገት ብትወርድም ደስ አይበለን። ውኃው አልቆ መለኪያው ባዶ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ መለኪያው የሚያውቀው የነካውን ብቻ ነው። መርፌዋ ቀስ እያለች ስትወጣ፣ ውኃው ገና ሳይፈላ፣ ጥቅም ያለው ነገር የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው መክፈት ነው። እሱ ትንሽ ራዲያተር ነውና ሙቀቱን ወደ ተሳፋሪው ያወጣል። ከዚያ ጥግ ይዞ መቆም፣ ሞተሩን በዝግታ ማሠራት፣ ፋኑ መዞሩን ማየት።

ለቴርሞዳይናሚክስ ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ትተን እንሄዳለን። 1.1 ባር የሚል ክዳን ያለው መኪና ነፋስ መውጫ ላይ ቆሟል፤ የውጭውን አየር ግፊት 0.69 ባር ውሰዱ። ንጹሕ ውኃው ስንት ዲግሪ ላይ ይፈላል? 8 ሊትሩ በዚያው የመፍያ ነጥብ ላይ ሳለ ክዳኑ ቢከፈትስ ስንት ሊትር እንፋሎት ይወጣል? የእንፋሎት ሠንጠረዡ በመጽሐፋችሁ መጨረሻ ላይ አለ። ስሌታችሁን ለትምህርት ክፍላችን ስጡን፤ ኢንሻአላህ በሚቀጥለው እትም ከመልሱ ጋር እናወጣዋለን።